ሁሉን ይቅር የሚል ቦርድ አያስተምርም

ኅዳር ሲገባ ዴንቨርና አውሮራ ያለን ወላጆች የሚጠብቀን ነገር ይታወቃል፤ ልጆቹ ስኖውቦርድ እያሉ መነዝነዝ ይጀምራሉ። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። «ቲቸር፣ ለልጄ የትኛውን ልግዛለት?» ይሉኛል የድሮ ተማሪዎቼ፤ ዛሬ እነሱም ወላጅ ሆነዋል። ቀድመው ሱቅ የሄዱት ደግሞ መልሱን ይዘውት ይመጣሉ፦ «ለጀማሪ ሮከር ነው የሚሻለው ተባልን።»

ይሄ ምክር ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ልጅ ሊጎዳ የሚችልበት ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍበት ነው። ሻያችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ቅርጹን እንይ። ቦርዱን ወለል ላይ አስቀምጡትና ጎንበስ ብላችሁ ከጎን ተመልከቱት። መሐሉ ከፍ ብሎ ወለሉን የሚነካው በሁለቱ ጫፎች አካባቢ ብቻ ከሆነ ካምበር ይባላል፤ የተጋደመ ደጋን በሉት። ተቃራኒው፣ መሐሉ ወለሉ ላይ አርፎ ጫፎቹ እንደ ሙዝ ወደ ላይ የተነሱት ሮከር ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ሁለቱን ያዳቀለ ነው። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ የጥቂት ሚሊሜትር ነገር ነው፤ እግር ሥር ሲገባ ግን በጣም ይለያያሉ።

ካምበር ላይ ስትቆሙ ደጋኑ ይተኛል፤ ክብደታችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይከፋፈላል፤ የብረት ጠርዙ በርዝመቱ ሙሉ በረዶውን ይነክሳል። ፊዚክስ ክፍል ስለ ስፕሪንግ ያወራነውን አስታውሱ። የተጫነ ስፕሪንግ የተሰጠውን ጉልበት ይመልሳል። ካምበርም እንደዚያው ነው፤ ከመታጠፊያው ስትወጡ ወደፊት ፈንጠር ሲያደርጋችሁ ይሰማችኋል። ፍጥነት ሲጨምርም ረጋ ይላል። ችግሩ ስህተት አያልፍም። ጀማሪ ቦርዱን ዝርግ አድርጎ ሲንሸራተት በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ድንገት በረዶውን ይነክስና ሰውየውን ያነጥፈዋል። ማሰብያ ጊዜ እንኳ የለም፤ እጅ ለመደገፍ ይዘረጋል። የጀማሪ ጉዳት የእጅ አንጓ ላይ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሮከር ላይ ጫፎቹ ከበረዶው ከፍ ስላሉ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ንክሻ ይቀንሳል። ማዞሩም ቀላል ነው። አዲስ የወረደ ዱቄት የመሰለ በረዶ ላይ አፍንጫው አይሰምጥም፤ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። ሊብ ቴክ ስኬት ባናና የሚባለውን ቦርድ ሲያወጣ ብዙ ሰው የወደደው ለዚህ ጨዋታነቱ ነው። ነገር ግን ጠንካራ በረዶ ላይ ውሰዱት። እኔ ጠዋት በጣም ማልጄ፣ ሌሊት የቀዘቀዘውን ቁልቁለት ገና ፀሐይ ሳታለሰልሰው፣ በሮከር ስወርድ ሳሙና የፈሰሰበት ወለል ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ጫፎቹ አየር ላይ ስለሆኑ ነክሶ የሚይዘው ጠርዝ ያጥራል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። እኛ በረዶ ብለን አንድ ቃል አለን፤ በክረምት ጣራ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ። ቦርድ የሚገዛ ሰው ግን «የትኛው በረዶ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ኮሎራዶ ላይ ጥሩ ቀን ሲመጣ በረዶው ደረቅና ቀላል ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ልጆቻችሁን የምትወስዱባቸው የፔንስልቬንያ ኮረብታዎች ላይ ግን አብዛኛው በረዶ በማሽን የተሠራ ነው፤ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይደርቃል፣ ጠዋት መስታወት ይሆናል። አንዱ ጋ የተመሰገነ ቦርድ ሌላው ጋ ሊያሳፍር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስኖውቦርድ ላይ ጠርዝ ማለት ፍሬን ማለት ነው። ሌላ ፍሬን የለም። ሸርማን ፖፐን የተባለ የሚሺጋን ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ለልጆቹ ሁለት ስኪ አንድ ላይ አያይዞ ስነርፈር የተባለውን መጫወቻ ሲሠራ ማሰሪያም የብረት ጠርዝም አልነበረውም፤ ለጓሮ ኮረብታ በቂ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚወርዱት ከሊፍት ጫፍ ነው። እዚያ ላይ መቆም የማይችል ልጅ ለራሱም ከፊቱ ላለው ሰውም አደጋ ነው።

ሮከርን ብቻ ይዞ የተማረ ልጅ ብዙ ጊዜ ጠርዝ መጠቀም አይለምድም። የኋላ እግሩን እየወረወረ፣ ቦርዱን እንደ መጥረጊያ እየጠረገ ያዞራል። አረንጓዴ ምልክት ያለው ቀላል ቁልቁለት ላይ ይሄ ይሠራል፤ ቤተሰብም ቪዲዮ እየቀረጸ «ጎበዝ!» ይላል። ልጁ ቻልኩ ብሎ ወደ ሰማያዊው ሲወጣና መስታወቱ በረዶ ላይ ሲደርስ ግን መጥረግ አያቆመውም። ቦርዱ ስህተቱን ሁሉ ይቅር ሲለው ስለከረመ ስህተት መሆኑን የነገረው የለም። እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉንም ራይት እያደረገ ያሳለፈ መምህር በማትሪክ ቀን ምን እንደሚያደርጋችሁ።

«ታዲያ ካምበር ሰጥተን እናነጥፈው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ሦስት ጊዜ ክፉኛ የወደቀ ልጅ አራተኛ አይመጣም፤ ለስላሳ ካልሆነ ካምበር ጋር ልጅን ማፋጠጥ ጭካኔ ነው። እኔ የምመርጠው መሐል መንገዱን ነው፦ በሁለቱ እግሮች መካከልና ሥር ካምበር፣ ጫፎቹ ላይ ብቻ ትንሽ ከፍ ያለ ሃይብሪድ። ጫፉ ድንገተኛውን ንክሻ ይቀንሳል፤ መሐሉ ጠርዝን ያስተምራል። ግን ልብ በሉ፣ ሃይብሪድ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። በእግሮቹ መካከል ሮከር፣ ከዚያ ወደ ጫፎቹ ካምበር የሆነም አለ። ስሙን ሳይሆን ቅርጹን እዩ።

ከቅርጹ እኩል፣ ምናልባትም የበለጠ፣ ሁለት ነገሮች ይወስናሉ። አንደኛው ልስላሴው ነው። ልጁ በራሱ ክብደት ሊያጎብጠው የማይችለው ቦርድ፣ ቅርጹ ምንም ቢሆን ለሱ ሳንቃ ነው። ሁለተኛው ልኩ ነው። የእኛ ሰው «ያድግበታል» ብሎ ይገዛል፤ ለጃኬት ይሁን፣ እጅጌ ይታጠፋል። ቦርድ አይታጠፍም። ረዥም ቦርድ ከባድ ነው፣ ለመዞር እንቢ ይላል፣ ልጁም ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል። «እስከ አገጭ ይድረስ» የሚለውንም ተዉት፤ አምራቾቹ የሚያወጡትን የክብደት ሠንጠረዥ እዩ። እግራችሁ ትልቅ የሆነ አባቶች ደግሞ የቦርዱን ወገብ ስፋት ጠይቁ፤ ጠባብ ከሆነ የጫማው ጫፍ በረዶ እየጫረ ይጥላችኋል።

ሮከርን እየጠላሁ አይደለም። ጥልቅ በረዶ የወረደ ቀን ወይም ከዝላይ ጨዋታ ጋር የሚውል ልጅ ሲኖር ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። የምቃወመው «ቀላል ነው» እና «ጥሩ አስተማሪ ነው» የሚሉት አንድ ሆነው መሸጣቸውን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራዩ። ሲሰጧችሁ ወለል ላይ አስቀምጣችሁ ቅርጹን እዩ፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈትሹ፤ ጥፍር ትንሽ እንኳ የማይፋቅ ከሆነ ደንዟል፣ ሌላ ጠይቁ። ለልጁ ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ከቦርዱ በፊት ይገዛ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስተምሩት፤ መቆም። በተረከዙ በኩልም በጣቱ በኩልም፣ በፈለገበት ቦታ መቆም ሲችል ወደ ሰማያዊው ይውጣ።

የልጃችሁን ክብደት፣ የጫማ ቁጥርና የምትሄዱበትን ቦታ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።