ባልና ሚስት በሕግ ፊት

የአገራችን ሰው ሕግን አክባሪ ስለ መሆኑ ምስክሩ የገዛ አነጋገሩ ነው። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የቸኮለው መንገደኛ ይቆማል፤ በሕግ ከሄደች በቅሎው ይልቅ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦው እንደምታንገበግበው ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ይህ ሕግ ወዳድ ሕዝብ ከአንድ ደጃፍ ሲደርስ «ይህስ የቤት ጉዳይ ነው» እያለ ሲመለስ ኖሯል። ያ ደጃፍ የባልና የሚስት ጎጆ ነው። «ሴት ለማጀት፥ ወንድ ለችሎት» የሚለውም ብሂል ስንቷን እናት መብቷን ሳትጠይቅ አስቀርቷታል። ስለዚህ የጎጆ ሕግ ከየት ተነሥቶ ከየት እንደ ደረሰ በአጭሩ ልንገልጥ ወደድን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዳይጸና መደንገጉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ የመኖሪያውን ስፍራ መምረጥ፥ ከሚስት ደመወዝ በቀር የጋራውንም ሀብት ማስተዳደር የባል ሥልጣን ነበረ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት ግን 15 ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። «በፈቃዷ» ይበል እንጂ፥ በጠላፊዋ እጅ ያለች፥ ወደ አባቷም ቤት መመለስን የምታፍር ልጅ ምን ፈቃድ ይኖራታል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያም በኋላ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም በብርቱ ስለ ጠየቁ፥ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ ከዚህ በታች የሚፈቀደው በከባድ ምክንያት፥ ከሁለት ዓመት በማይበልጥ ቅናሽ፥ በፍትሕ ሚኒስትሩ ውሳኔ ብቻ ነው። ቤተ ሰቡን መምራትና የጋራውን ሀብት ማስተዳደር የሁለቱ ሆነ፤ የጋራ የሆነውንም ቤት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን የጠላፊ መሸሸጊያ አፈረሰው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባውንም በእስራት ይቀጣል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ለቀረው አገር እያንዳንዱ ክልል የራሱን ማውጣት ነበረበት። የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። በዚያው ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍበት መደረጉም ለገበሬ ሚስት ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ጥቅም ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት የአማት ወገን «ከእርሻው ውጪ» ሲላት፥ የምታሳየው ጽሑፍ አላት።

ምናልባት «ባል የሚስት ራስ ነው እየተባለ እንዲህ ያለ ሕግ ጎጆን አያፈርስምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ሐዋርያው ባልን ያዘዘው ስለ ሚስቱ ራሱን አሳልፎ እስኪሰጥ ድረስ እንዲወዳት ነው እንጂ፥ በሬዋን ሳይነግራት እንዲሸጥ አይደለም። ሚስቱን የሚወድ ባል ከሕጉ የተነሣ የሚያጣው ነገር የለም፤ በፍቅር ሲያደርግ የኖረውን ሕጉ አጸናለት እንጂ። ሕጉ የሚከብደው በማይወደው ላይ ነው፤ ሕግም የተሠራው ስለ እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህም የሚያሳስበን ሌላ ነገር በራሳችን ወገን አለ። ዲያቆን ከቅስና በፊት በንጽሕና የኖረችን ድንግል ማግባት ስለሚገባው፥ በአንዳንድ ገጠር ወላጆች «ሳትበላሽ» እያሉ ትንሽ ልጅ ይሰጡታል። ነገር ግን ንጽሕና የምግባር ጉዳይ ነው፤ የሕፃንነት ጉዳይ አይደለም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርቷ ተነጥላ፥ ዐጥንቷ ሳይጠና ምጥ ቢይዛት፥ እርሷም ሕፃኑም ሲጎዱ ተጠያቂው ማን ነው? ሕጉ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመውን ጋብቻ ያከብራል፤ በዕድሜና በፈቃድ ረገድ ግን ለቁርባን ጋብቻም ሆነ ለሰማንያ ልዩነት አላደረገም።

ሕግ በመጽሐፍ ብቻ ቢኖር በሙዳይ እንደ ተቀመጠ መድኃኒት ነው። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ሆኖም የልደት ወረቀት የሌላት ልጅ ዕድሜዋ በቁመቷ ይገመታል፤ ለመዳር የቸኮለ ሽማግሌም «ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሎ ይመሰክራል። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ልጁን ክርስትና ባስነሣ ጊዜ ልደቱንም በቀበሌ ያስመዝግብ። ተጋቢዎች ከተክሊል በኋላ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ያውጡ። የቤት ወይም የመሬት ጽሑፍ ሲዘጋጅ የሁለቱም ስም መኖሩን ይመልከቱ። የንስሐ አባቶችም ስለ ሰርግ ሲማከሩ አስቀድመው የሙሽራይቱን ዕድሜ ይጠይቁ፤ እርሷንም ለብቻዋ አቅርበው ፈቃዷን ይስሙ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ከአንድ ባሕር የተቀዱ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ ጎጆው ይጸናል እንጂ አይፈርስም። ሴት ልጆቻችን ወደ ችሎት መሄድ ሳያስፈልጋቸው በቤታቸው ፍትሕን ያገኙ ዘንድ፥ አባቶችና ባሎች ሕጉን ከዳኛው በፊት እንፈጽመው።