የማንን ድንች ነው የምንቀባበለው?

ሬዲዮ የከፈተ፣ ጋዜጣ የገለጠ ሰው ሁሉ አንድ «ትኩስ ድንች» ሳያጋጥመው አይውልም። የድንበር ጉዳይ ትኩስ ድንች ነው፤ የኑሮ ውድነት ትኩስ ድንች ነው፤ የእግር ኳሱ ጭቅጭቅ ሳይቀር ትኩስ ድንች ሆኗል። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቀው አድማጭስ ምን ይገባዋል? ለአዲስ አበባ ሰው ትኩስ ድንች ማለት በክረምት ማታ መንገድ ዳር ተቀቅሎ፣ ዳጣ ተደርጎበት የሚበላ፣ ብርድ የሚያስረሳ ነገር ነው። እጅ ቢያቃጥልም እፍ እፍ ብሎ ይበላዋል እንጂ የሚጥለው የለም። እንግሊዞቹ ግን ሊሉ የፈለጉት ማንም እጁ ላይ ሊያቆየው የማይሻ፣ አንዱ ለሌላው የሚወረውረው ጣጣ ነው። ተርጓሚያችን ድንቹን ተሸክሞ መጣ፤ ትርጉሙን እዚያው ረስቶት።

ድንቹ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። «በስስ በረዶ ላይ መራመድ» የሚሉም አሉ። ሐይቁ ክረምት ከበጋ ውሃ በሆነበት አገር፣ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ ነገር ነው፤ ማን ይራመድበታል? «በዓለትና በጠንካራ ሥፍራ መካከል» ሲባልም ሰምቻለሁ። ይህ አባባል እ.ኤ.አ. በ1921 ከአሜሪካ፣ ከአሪዞና ግዛት፣ ተለቅሞ ሲመዘገብ ትርጉሙ መክሰር፣ ባዶ ኪስ መቅረት ነበር። ዛሬ እዚያው አገሩ ውስጥ ትርጉሙ ተለውጧል። እኛ ግን ዓለቱን እንደ ወረደ አምጥተን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር መሐል ገተርነው።

እንግሊዝኛ አትማሩ ባይ አይደለሁም። እንዲያውም ጠቤ ያለ ወጉ መማራችን ላይ ነው። አስፋልት ዳር ከሚነጠፉት የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መጻሕፍት አንዱን አንስታችሁ ግለጡ። «ኢን ኤ ፒክል»፣ «ኢን ኤ ጃም»፣ «ሆብሰንስ ቾይስ»፣ «ካች ትዌንቲ ቱ» ተደርድረው፣ ፊት ለፊታቸው አንድ መልስ ተጽፎላቸዋል፤ አጣብቂኝ። ተማሪው ይሸመድዳል፤ አስተማሪውም ተመሳሳይ ቃላት ናቸው ብሎ ያልፋል።

የት ተመሳሰሉ? ቶማስ ሆብሰን በካምብሪጅ ከተማ ፈረስ ያከራይ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1631 የሞተ ሰው ነው። ጋጣው ሙሉ ነበር፤ ደንበኛው ግን መርጦ አይወስድም። ለበሩ የቀረበውን ፈረስ ይወስዳል፣ አለዚያ በእግሩ ይሄዳል። እንግሊዞች የሆብሰን ምርጫ የሚሉት ይህን ነው። ሰውየው የቸገረው ነገር የለም፤ ምርጫ መስሎ የቀረበለት ነገር ምርጫ አለመሆኑ ነው ነገሩ። የምርጫ አለመኖር እንጂ የችግር ስም አይደለም።

«ካች 22» ደግሞ ሌላ ነው። ጆሴፍ ሄለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ልብ ወለድ የፈጠረው ስም ነው። (መጀመሪያ ቁጥሩ 18 ነበር፤ በዚያው ዓመት ሌላ ደራሲ 18ን በርዕሱ ይዞ ስለቀደመው ወደ 22 ዞረ።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ የሆነ ወታደር ካበደ ከበረራ ይሰናበታል። ለመሰናበት ግን ራሱ መጠየቅ አለበት። ነፍሱን ለማዳን ከጠየቀ ደግሞ ጤነኛ መሆኑን አስመሰከረ፤ ስለዚህ ይበራል። መውጫው በር ራሱ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሰውየውን የያዘው ዕድል ወይም ስንፍና አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ደንብ ነው። ይህን «አጣብቂኝ» ብሎ የተረጎመ ሰው ደንብ ጻፊውን ከታሪኩ አውጥቶ በነጻ አሰናበተው።

የእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ልዩነት አያውቅ ይሆን? ኧረ ያውቃል! ድጡን ሸሽቶ ማጡ ውስጥ የገባ ሰው የከፋበት በገዛ እርምጃው ነው። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ሲባል ጥፋቱ የያዘው ሰው ነው፤ አሁን ግን መልቀቅም አይችልም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የመጣበት ምስኪን ምንም አላጠፋም፤ መከራ ተደራረበበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ስንል ደግሞ በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ ዱላውም ያረፈው ያለ ቦታው ነው። አራቱን በአንድ «አጣብቂኝ» የሚለውጥ ሰው አራት ክስ ቀዶ ጣለ።

መተርጎም ያወቀበት ሰውም ነበረን። ፈረንጆች ጀግናቸውን ገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥለው ክፍሉን የሚጨርሱበትን ታሪክ የገደል ስም አውጥተውለታል። እኛ ዘንድ ግን ማንም «ገደል ላይ ተንጠልጣይ» አላለም፤ «ልብ አንጠልጣይ» አለ እንጂ። ገደሉን ትቶ አንባቢው ደረት ውስጥ የሚሆነውን ነገር አየ። ያ ሰው ዛሬ ዜና ክፍል ቢኖር ድንቹ ከየት ያገኘን ነበር?

የቋንቋ አምሮት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጮህም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል። ማስታወቂያው 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምድ የሚገኘው ተቀጥሮ ነው፤ ለመቀጠር ደግሞ ልምድ። ማታ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ኃላፊ ወጥቶ «ወጣቱ አጣብቂኝ ውስጥ ይገኛል» ይላል፤ ልክ ሰማይ እንዳወረደው ጎርፍ፣ ልክ ማንም እንዳልሠራው ነገር። ጋዜጠኛውም አቀርቅሮ ይጽፋል። በማግስቱ ርዕሱ ይወጣል፤ «የሥራ አጥነት ትኩስ ድንች»።

ጋዜጠኛ ሆይ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ያንን 2 ዓመት ልምድ የሚል መስመር ማን ጻፈው? የቢሮው ቁጥር ስንት ነው? መልሱን አግኝተህ ከጻፍክልን በኋላ፣ ከፈለግህ ነብር በለው፣ ከፈለግህ ማጥ።