ስልክ ሞግዚት አይሆንም

ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት በዘመናችን የተለመደ ብልሃት ሆኗል። ልጁ ዝም ይላል፤ ወላጅም ያርፋል። ነገር ግን ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ነገሩ የአዲስ አበባ ልጆች ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ በማሰብ፥ ስለ ጋይንት፥ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ሕፃናት ጥቂት ለመናገር ወደድን።

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የተከፈቱትም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ነበር። በዚህ መካከል ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተሞከረ። የልጆቹ ዕድል ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በነፋስ መውጫ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ቴሌቪዥን ወይም ዘመናዊ ስልክ ያለበት ቤት ልጅ ዓይኑን እዚያው ላይ ተክሎ ዋለ። የባላገሩ ልጅ ደግሞ ከብት ተከትሎ ሜዳ ዋለ። አንደኛው ጓደኞቹን አጣ፤ ሁለተኛው ደብተሩን አጣ።

የሚያሳዝነው ችግሩ ከኮሮና ጋር አብሮ አለመሄዱ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች እንደገና ከቤት ለመዋል ተገደዱ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ሕፃን፥ አባቱ የጦርነት ሥዕል በስልክ ሲመለከት አብሮ ቢያይ፥ ቀን ያስፈራውን ነገር ማታ እንደገና ያገኘዋል። እርሱም ፈራሁ ብሎ አይናገርም፤ እንቅልፍ ያጣል፥ በትንሽ ነገር ይቆጣል፥ ከእናቱ ቀሚስ አልለይም ይላል። እኛም አመል ነው ብለን እንገሥጸዋለን፤ ወይም ስልኩን መልሰን እንሰጠዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ተቀምጦ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ዓመት ያልሞላው ደግሞ ከነጭራሹ እንዳያይ መክሯል። ልጁ ሲቀመጥም አሳዳጊው መጽሐፍ ቢያነብለትና ተረት ቢነግረው መልካም ነው ይላል። ይህ ምክር ለባላገር አያቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ማታ በምድጃ ዙሪያ ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ቴሌቪዥንስ ያስተምር የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አባባ ተስፋዬ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ፥ ልጆች ወደ ጎረቤት ሄደው ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ ያዩትንም አብረው ይጫወቱት ነበር። የዛሬው ልጅ ብቻውን ያያል፤ ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ የምንነቅፈው መሣሪያውን ሳይሆን ልጁን ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ጥሎ መሄድን ነው።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችንና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታል። ለበዓል ወደ አገራችን ስንሄድ ለታናናሾቻችን ስልካችንን አውጥተን መስጠት ይቀናናል። በዚያ ፈንታ አጠገባቸው ተቀምጠን ምን እንደሚያስፈራቸው እንጠይቃቸው፤ ተረትም እንንገራቸው። በቀበሌና በወረዳ የምንሠራም፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ስፍራ ሕፃናት ያለ ሥጋት ተሰብስበው የሚጫወቱበትን ቦታ፥ የሚጠብቃቸውንም ሰው አስቀድመን ማሰብ ግዴታችን ነው።