ዒላማ የሌለው ሽጉጥ

«ስንት ጎራሽ ነው?»

ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ዛሬ በአገራችን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን ነው። ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ዛሪማ ሻይ ቤት የተቀመጠ መንገደኛም ይሁን፣ አዲስ አበባ ላይ በመኪናው መሳቢያ ሸሽጎ የሚዞር ነጋዴ፣ ወዳጁ «ትመታበታለህ ወይ?» አይለውም። «ፈቃድ አለው ወይ?» አይለውም። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ይጎርሳል፣ ጥይቱስ ምን ያህል ይወፍራል። ስምንት ጎራሹ ማካሮቭ የጡረተኛ መሣሪያ ተብሎ ይናቃል። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት የሚጎርሰው፣ በዚያም ላይ አረሩ የወፈረው ከወገብ ሲወጣ ግን «አያ፣ እስቲ ወዲህ በለው» ይባላል፤ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ይመዘናል፣ ይደነቃል።

ይህ ጽሑፍ ሙግቱ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው ተራ የወንዶች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ሰው የሚታጠቀው በጠየቀው ልክ ነውና፣ የተሳሳተው ጥያቄ ቀባሪ እያበዛ ነው።

በቅድሚያ የተሟጋቹን ወገን ቃል ሳንሸራርፍ እናስቀምጥ። የሰሜን ሰው እንዲህ ይላል፦ «እናንተ አስፋልት ላይ ተቀምጣችሁ ትጥቅ ክፉ ነው ትላላችሁ። የ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት አዲ አርቃይንና ዛሪማን አዳርሶ ወደ ዳባት ሲገሰግስ የት ነበራችሁ? በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ገበሬው በገዛ ቀየው ሲገደል ማን ደረሰልን? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህስ ክልሉ ተኩስ ውስጥ ገብቶ፣ አጋች ሰው ከመኪና እያወረደ ወገኑን ገንዘብ ሲያስከፍል፣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?»

ይህ ቃል የእውነት ቃል ነው፤ በስብከት አይመለስም። ታጠቅ ያለውን ክፉ ቀን ያላየ ሰው ትጥቅ ፍታ ለማለት አፍ የለውም። ይሁን እንጂ እውነተኛ ፍርሃት ሁልጊዜ ትክክለኛ መሣሪያ ያስመርጣል ማለት አይደለም። ለመሆኑ መትረየስ ጠምዶ የመጣን ሠራዊት በወገብ ሽጉጥ ማን መለሰው? አጋቹስ ብቻውን ሽጉጥ ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው? ክላሽ ይዞ፣ ከግብረ አበሮቹ ጋር፣ የመንገድ ጠምዛዛ ላይ አድፍጦ ነው። ባለሽጉጡ መንገደኛ እጁን ወደ ወገቡ ሲልክ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። እንግዲህ በሐቅ እንነጋገርና፣ ሽጉጥ በተግባር የሚመዘዘው የት ነው? ገበያ ላይ፣ መጠጥ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ የድንበር ክርክር ላይ ነው፤ ከሠራዊት ጋር ሳይሆን ከሚያውቁት ሰው ጋር ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ቤልጅጎች እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጡት ብራውኒንግ 13 ጥይት በመጉረሱ በዘመኑ ጉድ ተብሎለት ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው የአሜሪካ ኮልት 7፣ የሩሲያው ቶካሬቭ 8 ነበር የሚጎርሱት። ኋላ የመጣው ማካሮቭም 8 ነው። የኦስትሪያው ግሎክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 17 ጥይት ይዞ ብቅ ሲል ፉክክሩ ጦፈ። ዛሬ ውፍረቱ ከ11 ሚሊ ሜትር የሚያልፈውን የኮልት ጥይት 13ና 14 አድርገው የሚጎርሱ ሽጉጦች አሉ።

ብረት ግን አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ይቀማል። ጥይቱ በካዝናው ውስጥ ሁለት ረድፍ ሆኖ ሲደረደር እጀታው ይወፍራል። እጀታው ሲወፍር መዳፉ ትንሽ የሆነ ሰው ጣቱን ምላጩ ላይ የሚያደርሰው አያያዙን አጣሞ ነው። አያያዙ ሲጣመም አፈሙዙም አብሮ ይጣመማል። ከአያያዝ ይቀደዳል መባሉ ለልብስ ብቻ አይደለም። የኮልቱ ጥይት አንዱ 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 14ቱ ብቻ 300 ግራም ሊጠጉ ነው። ሽጉጡ ሲጨመርበት ከኪሎ የሚያልፍ ብረት ወገብ ላይ ተሽጦ በዛሪማ ቆላ ፀሐይ ይውላል፤ ላብ ይጠጣል፣ አቧራ ይቅማል፣ ይዝጋል። አፎት ያልገዛለት ባለቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በገዛ ጭኑ ላይ አነጣጥሮ ይዞራል።

«ዘጠኝ ሚሊ» የሚባለውም ቢሆን አንድ ነገር አይደለም። የማካሮቭ ቀልሃ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብራውኒንግና የግሎክ 19 ነው። የማካሮቩ አረር ደግሞ በውፍረት ከሌላው በለጥ ይላል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። በየጓዳው በሚደረግ ግብይት ይህን የሚያስረዳ ሻጭ ማን ነው? ብዙ ሰው የሚያወድሰውን የእስፓኝ ስታር ያየን እንደሆነ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ዘመን የለውም፤ ዛሬ አንድ ምንጭ ቢሰበርበት መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በመተማና በሌሎች የጠረፍ በሮች ሲገቡ በተደጋጋሚ ስለተያዙት የቱርክ ሽጉጦች ደግሞ ዜናው ሁላችንም ጆሮ ደርሷል። በዓለም ላይ በኮንትሮባንድ ከሚዘዋወሩት የቱርክ ሥሪቶች መካከል፣ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው ኋላ በጓሮ አፈሙዛቸው የተበሳ እንደሚገኙባቸው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ጠላት ላይ ሳይሆን የጌታው መዳፍ ላይ ቢፈነዳ ማንን ይከሳል?

«ወፍራም ጥይት አንዴ ከመታ ይጥላል» ይሉናል። ይህን ክርክር ከእኛ በፊት ባለገንዘቦቹ ተከራክረው ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ፤ አምስት ቆሰሉ። ቢሮው ጥፋቱን 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ላይ ጣለና ወደ 10 ሚሊ ሜትር ዞረ። 10 ሚሊው ግፊቱ በዛ፤ መጀመሪያ ባሩዱን ቀነሱለት፣ ኋላም ወደ ሌላ፣ ልከኛ ወደ ሆነ ጥይት ተሸጋገሩ። በመጨረሻ ከእ.ኤ.አ. 2014 በኋላ ወደዚያው ወደ ናቁት 9 ሚሊ ሜትር ተመለሱ። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ አብዛኛው ባልደረባ በቀላሉ ጥይት ፈጥኖም ለይቶም ይመታል፤ የሳተ ወፍራም ጥይት ደግሞ ከመታ ቀጭን ጥይት አይሻልም። ይህን ለመረዳት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። እኛ በነጻ ብንማረው ምን ነበረበት?

ስለ ብዛቱም እንዲሁ። የኒው ዮርክ ፖሊሶች ደመወዝ እየተከፈላቸው ዒላማ የሚለማመዱ ናቸው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ተኩስ ልውውጥ ውስጥ ከተኮሱት ከመቶው የመታው 18 ያህሉ ብቻ ነበር። የሠለጠነው፣ የተለማመደው፣ ጥይት የሚሰፈርለት ፖሊስ ከመቶ ሰማንያ ሁለቱን ከሳተ፣ ሽጉጡን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ከሠርግ ቤት ሰማይ በቀር ሌላ ዒላማ አይቶ የማያውቀው የእኛ ሰው ስንቱን ይስታል? ዐሥራ አራት ጎራሽ ማለት በእርሱ እጅ ምን ማለት ነው? ለጠላቱ አንድ ወይም ሁለት፣ የቀረው ለአላፊ አግዳሚው ማለት ነው።

ነገሩ ከኒው ዮርክ ይልቅ እኛ ዘንድ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የባከነ ጥይት የለም። ከደባርቅ ገበያ እስከ ዛሪማ ወንዝ፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ፣ ደም ደምን ይጠራል። የሞተው ሰው ወንድም አለው፤ አጎት አለው፤ የአክስት ልጅ አለው፤ ገና ጡት ያልተወ ልጅ ካለውም ነገ የሚያድግ ደመኛ አለ። ከዐሥራ አራቱ ጥይት አንዱ ባላጋራውን ስቶ፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ፣ በጓዳ እንጀራ የምትጋግረውን ሴት ቢያገኝ፣ ተኳሹ በአንድ ቀን የሁለት ቤት ባለዕዳ ሆነ። አንዱን ቤት ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን አያውቀውም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካህን ታቦት ይዞ፣ ጉማ ተቆርጦ የሚበርደው የአንድ ቤት ደም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የአገሩ ሰው ይነግራችኋል። እንግዲህ ካዝናውን የሚያጎርስ ሰው የሚቆጥረው ጥይት ብቻ እንዳይመስለው፤ ሊገባበት የሚችለውን የደም ዕዳም አብሮ እየቆጠረ ነው። «ስንት ጎራሽ ነው?» ላለው ወዳጁ የሚገባው መልስ «የስንት ቤት ደም ትከፍላለህ?» የሚል ነው።

«አባቶቻችን ታጥቀው አልኖሩም ወይ?» ይባላል። ኖረዋል። ግን ምን ታጥቀው? ከዝነኞቹ አንዱ ውጅግራ፣ ያ የፈረንሳይ ጠብመንጃ፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሲሆን የሚጎርሰው አንድ ብቻ ነበር። ትልቅ አፍ፣ አንድ ጉርሻ! አንድ ጥይት ያለው ሰው ከመተኮሱ በፊት ያስባል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያነጣጥራል። ጠብመንጃ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ማን ምን እንደያዘ መንደሩ ያውቃል፤ ሽማግሌው «ልጄ፣ ደጅ አስቀምጠህ ግባ» ይለዋል። ሽጉጥ ግን በኮትና በጋቢ ሥር ነው፤ ሽማግሌው ያላየውን አስቀምጥ አይልም። አባቶቻችን መላእክት ነበሩ አንልም፤ እነርሱም ደም ተቃብተዋል። የእነርሱ መሣሪያ ግን ቢያንስ ለአፍታ ያህል የማሰቢያ ጊዜ ይሰጥ ነበር።

ታሪክ ካነሣን ዘንድ ከሁሉ የገነነውን ሽጉጥ አንርሳ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው፤ ደጃዝማች ውቤን ድል በነሱ ማግስት። ውቤ በጠብመንጃ ብዛት በዘመኑ የተፈራ ገዥ ነበር፤ ብዛቱ ግን አላዳነውም። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ የአውሮፓን መሣሪያ ብቻ አልነበረም የፈለጉት፤ ጋፋት ላይ ባለሙያ ሰብስበው ብረት ያስቀለጡት ዕውቀት ያለው እጅ ፈልገው ነው። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈው ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። በታሪካችን ዝነኛ የሆነው ሽጉጥ ዝናውን ያገኘው በአንዲት ጥይት ነው። ብዙ በመጉረሱ የተዘመረለት ሽጉጥ የለንም።

«እና ምን ይሁን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በሕግ ተፈቅዶልኝ እታጠቃለሁ ለሚል ሰው ምርጫው እንደሚወራው የረቀቀ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሌለው ብረት፣ ብራውኒንግም ሆነ ግሎክ፣ ከምርጫው ይውጣ። ከቀረው ውስጥ መዳፉ የሚሞላውን ሳይሆን መዳፉ የሚችለውን ይውሰድ። ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ የማያገኝለትን ይተው። ዐሥር እርምጃ ላይ ሳህን ሰቅሎ ዐሥር ተኩሶ ዐሥሩን መምታት እስኪችል አይታጠቀው። ቤት ሲገባ ልጅ ከማይደርስበት ቆልፎ ያስቀምጠው፤ መጠጥ ቤት ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ አይያዘው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ያ የተናቀው ስምንት ጎራሽ ከባለዐሥራ አራቱ ስንት ጊዜ ልቆ እንደሚገኝ ሞክሮ ይየው።

ግን ሳህኑን የት ይስቀል? ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽጉጥ ከመለማመጃው ጋር የመጣ ዕቃ ነው፤ እኛ ሽጉጡን ተቀብለን መለማመጃውን ጠረፍ ላይ ተውነው። ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ወረቀት እጅን አያስተምርም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ አዲ አርቃይ፣ ሌላውም ወረዳ ሁሉ፣ ሰላም ሰፍኖ መዝገብ መክፈት በቻለ ጊዜ፣ ከመዝገቡ ጎን የአፈር ክምር፣ ሜዳና አንድ አስተማሪ ያኑር። ፈቃድ ፈላጊው በዚያ ሜዳ በዳኛ ፊት ይተኩስ፤ የሳተ በሌላ ጊዜ ይመለስ።

«ይህማ ገዳይ ማሠልጠን ነው» የሚሉ እንደሚነሡ ይገባናል። አድፍጦ የሚገድል ሰው የዒላማ ሜዳ አያስፈልገውም፤ በሁለት እርምጃ ርቀት ማንም አይስትም። ሜዳው የሚያስፈልገው ለሌላው ነው፤ መግደል ሳይፈልግ ለሚገድለው፣ ሠርግ ሲያደምቅ ቀብር ለሚያመጣው፣ አንዱን ሲያስፈራራ ሌላውን ለሚጥለው። ደግሞም በዳኛ ፊት ቆሞ ከዐሥር ዐሥሩን የሳተ ሰው፣ በማግስቱ ወገቡን እየዳበሰ ገበያ መሀል ለመንጎራደድ ያፍራል። ያ እፍረት ብቻውን ስንት ነፍስ ያተርፋል!

እስከዚያው ድረስ ግን፣ ከተሜውም ባላገሩም፣ ወዳጁ አዲስ ሽጉጥ ሲያሳየው ቁጥሩን መጠየቅ ይተው። «የት ተለማመድክበት?» ይበለው። መልስ ያጣ ሰው ሽጉጡን ወደ አፎቱ ይመልስ፤ አፎት ከሌለው ወደ ሳጥኑ።