ዝቅ ያለች ፒካፕ ለምን ትንቀጠቀጣለች?

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው መንደር 8 በላይኛው አትባራና በሰቲት ግድቦች ምክንያት ከቀያቸው ለተነሡ ሰዎች ከተሠሩት መንደሮች አንዷ ናት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ድንበሩን የተሻገሩ ብዙ ቤተሰቦች መጀመሪያ ካረፉባቸው ስፍራዎች አንዷ እርሷ ነበረች፤ ከዚያም ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች በመኪና ተወስደዋል። አገሩ ጥቁር የዋልካ ሜዳ ነው፤ በክረምት ጎማ ይውጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለው መንገድ ሱዳኖች ቦክሲ የሚሏት ፒካፕ ማሽላና ሰሊጥ ትጭናለች፤ ከጆንያው በላይም ሰው ይሳፈርባታል። ስለዚህ የፒካፕ መንቀጥቀጥ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የአሮጌ ፒካፕ ባሌስትራ በጭነት ብዛት ሲረግብ፣ ወይም ባለቤቱ ጉዞው እንዲለሰልስ ብሎ ከንጣፍ ብረቶቹ አንዱን ሲያስወጣ፣ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ይላል። መንቀጥቀጡም ከዚያች ቀን ይጀምር ይሆናል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ከካምቢዮ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ አለው። ክሮቼራ ዘንጉ ታጥፎ እንዲዞር ያስችላል፤ ነገር ግን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜም ያዘገየዋል። እጥፋቱ 3 ዲግሪ ሲሆን ይህ መዛባት እጅግ ጥቂት ነው፤ 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 1 ተኩል ያህል ይሆናል። የፊተኛውን ክሮቼራ መዛባት የኋለኛው የሚሽረው የሁለቱ እጥፋት እኩል ሲሆን ነው። ዲፈረንሻሉ አቀማመጡን ሲለውጥ ይህ እኩልነት ይፈርሳል።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ሕመሙን መለየት ይገባል። የፊት ጎማ ጉድለት በአብዛኛው በመሪው ላይ ይታወቃል፤ የዘንግ ንዝረት ግን ከወለሉና ከመቀመጫው ይነሣል። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ጠባዩ የሚለዋወጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እጥፋቱ ያመራል። ክሮቼራው እንዳልላላ፣ ዘንጉ እንዳልጎበጠ፣ ዘንጉ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነም የመሐል ኩሽኔታው እንዳልተበላ አስቀድሞ ይመርመር።

ለልኬቱ የተማሪ ልጅ ፕሮትራክተር፣ ክርና አንዲት ዳዶ ይበቃሉ። ዳዶዋ በክሩ ጫፍ ታስራ ቱምቢ ትሆናለች። መኪናዋ በደልዳላ መሬት ላይ፣ በክሪክ ሳይሆን በጎማዎቿ፣ የዘወትር ጭነቷን ይዛ ትቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማዎቹም በታኮ ይያዙ። የካምቢዮው፣ የዘንጉና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዝንባሌ በየተራ ይለካ። ለምሳሌ ካምቢዮው ወደ ኋላ 4 ዲግሪ፣ ዘንጉ 5፣ ዲፈረንሻሉ 1 ዲግሪ ቢያዘቀዝቁ፣ የፊቱ እጥፋት 1፣ የኋላው 4 ይሆናል። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል 3 ዲግሪ ያለው የብረት ታኮ ገብቶ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ቢዞር፣ ሁለቱም እጥፋቶች 1 ዲግሪ ይሆናሉ። እጥፋቱን ፈጽሞ ለማጥፋት መሞከር አይገባም፤ በክሮቼራው ውስጥ ያሉት መርፌዎች ካልተንከባለሉ አንድ ቦታ ላይ ተጭነው ብረቱን ይቦረቡሩታልና።

ዘንጉ ሲፈታ የጥርሱ መገጣጠሚያ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ በአንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፎ ቢገጠም የታኮው ድካም ከንቱ ይሆናል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያቀፉት ቦሎኖች ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዳግመኛ ይጥበቁ።

«ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው፣ ይለመዳል» የሚል ሾፌር ይኖራል። መንቀጥቀጡ ግን ክሮቼራውን በየቀኑ ይበላዋል። የፊተኛው ክሮቼራ በፍጥነት መካከል ቢሰበር የዘንጉ ጫፍ ወድቆ መሬት ሊወጋና መኪናዋን ሊገለብጣት ይችላል፤ ያን ጊዜ ከጆንያው በላይ የተቀመጡት እናትና ልጅ የሚይዙት ነገር የላቸውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የወረደች መኪና ያለው ሁሉ ሰው ከማሳፈሩ አስቀድሞ ይለካ።