ያለ ሙጫ የሚገጠመው ሮቦትና የተቆለፈው ቁም ሣጥን

ባለፈው ክረምት ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ አንዲት ትንሽ ካርቶን አመጣልኝ። በክዳንዋ ላይ ጋሻና ጠመንጃ የያዘ ነጭ ሮቦት ተሥሎባታል። «ኢንጂነር ልሆን ነው ትል የለ? እንግዲህ ይኸን ገጥመህ አሳየን» አለኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ካርቶኒቱን ከመጻሕፍቴ ጋራ ይዣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ስለ እርስዋ በዚህ መጽሔት እጽፋለሁ ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ከፈትኋት። በውስጧ ሮቦት የለም። ያለው ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክፈፍ ነው፤ ክንድ፣ እግር፣ ደረትና ራስ የሚሆኑት ቁርጥራጮች በክፈፉ ላይ በቀጫጭን አንገት ተይዘው ተደርድረዋል። ሙጫ የለም፤ ቀለም የለም፤ ብሎን የለም። ቁራጩን በጣት ማላቀቅ፣ ወንዴውን በሴቴው ቀዳዳ ማግባትና ቀጭ እስኪል መጫን ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ይኸ ሰው ወደ ሕፃንነቱ ተመለሰ» እያሉ ቀለዱብኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም በአልጋዬ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሳሳትሁት እኔው የኢንጂነሪንግ ተማሪው ነኝ። የጫማውን ቁራጭ የኋላውን ወደ ፊት አዙሬ አልገባ ሲለኝ ጉልበት ጨመርሁ። የታሪክ ትምህርት የሚማረው ጓደኛችን እጄን ያዘና «ቆይ እንጂ፤ ሥዕሉን እይ» አለኝ። የመመሪያው ወረቀት በጃፓንኛ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ፣ ቁጥሩና ቀስቱ ፊደሉን ለማያውቅም ሰው ይናገራሉ። የታሪክ ተማሪው አነበበው፤ እኔ ግን ዐውቃለሁ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ደግሞ ከጎረቤት ክፍል ስኳር ሊለምን የገባ አንድ ልጅ ነው። ኢንጂነሪንግ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ቆሞ ሲመለከት ቆየና ማንም ሳያዘው የግራውን ክንድ ቁርጥራጮች አነሣ፤ የተገጠመውን የቀኙን ክንድ እያየ ወረቀቱን ሳይነካ ገጠመው። ብናደንቀው ጊዜ አንገቱን ደፋ አድርጎ «እኔስ ይኸን ትምህርት ልለውጥ ነበር፤ እስከ ዛሬ በእጄ የያዝሁት መሣሪያ እስክሪብቶ ብቻ ነው» አለን። የወርክሾፑ ቁም ሣጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው «ትሰብሩታላችሁ» ይላቸዋል። ስለዚህ መሣሪያውን በመስተዋቱ ውስጥ አይተው ይመለሳሉ። ይኸን ጽሑፍ ያጻፈኝ የልጁ ቃል ነው።

የገጠምነው ሮቦት ጋንዳም ይባላል። በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1979 በዮሺዩኪ ቶሚኖ መሪነት ተሠርቶ በቴሌቪዥን የታየ የካርቱን ታሪክ ነው። ታሪኩ በጊዜው በቂ ተመልካች ስላላገኘ ከታሰበው ቀን በፊት በጥር 1980 ተቋረጠ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የሮቦቱን ሞዴል በ300 የን ለገበያ ባወጣው ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በታሪኩ ውስጥ ሮቦቱ 18 ሜትር ቁመት አለው፤ ሞዴሉ ከዚያ ላይ ለ144 የተካፈለ ስለ ሆነ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ያ የመጀመሪያው ሞዴል ለጀማሪ የሚመች አልነበረም። በሙጫ ይጣበቃል፤ የሮቦቱን ልዩ ልዩ ቀለም ለማየት የሚፈልግ ራሱ ይቀባዋል። እጁ ያልጸና ልጅ ሙጫውን አዝረክርኮ፣ ቀለሙን አጨማልቆ ቢያዝን የሚያጽናናው አልነበረም። ሠሪዎቹ ግን «ያልቻለ ይቅርበት» አላሉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙጫው ቀረ፤ በ1990 ደግሞ ያለ ሙጫ የሚገጠም፣ ቁርጥራጮቹም በየቀለማቸው ተለይተው የወጡ ሞዴል አቀረቡ። በ2020 ለፍጹም ጀማሪ ያሰቡት በ700 የን ወጣ፤ እርሱም መቁረጫ ፒንሳ እንኳ የማይፈልግ፣ በባዶ እጅ ተላቅቆ በባዶ እጅ የሚገጠም ነው። እንግዲህ ከ1980 እስከ 2020 አርባ ዓመት መሆኑ ነው። አርባ ዓመት የደከሙት ለማን ነው? ሥራውን ለማያውቀው ሰው ነው።

ይኸ ድካም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሞልድ በሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኀይል ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝም ይኮማተራል። ስለዚህ ቅርጹን የሚያወጣው ሰው የሚኮማተረውን ያህል አስቀድሞ አስልቶ መጨመር አለበት። ወንዴው ከልኩ በጥቂቱ ቢወፍር ሴቴውን ይሰነጥቃል፤ በጥቂቱ ቢቀጥን ክንዱ ይወድቃል። ቁራጩን ከክፈፉ ጋር ያያያዘው አንገት የቀለጠው ፕላስቲክ እንዲያልፍበት ሰፋ ማለት አለበት፤ ሕፃን በጣቱ እንዲያላቅቀው ደግሞ መቅጠን አለበት። እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በግሪክ ፊደል የምናየው የልክና የኀይል ትምህርት ሁሉ በዚያች በአንዲት አንገት ላይ ይፈተናል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ገጣሚው ይኸን ሁሉ ሳያውቅ ቀጭ የምትል ድምፅ ሰምቶ ደስ ይለዋል።

እኔ የተማርሁት ይኸን ነው፦ ለጀማሪ የቀለለ ነገር ሁሉ ዐዋቂ የደከመበት ነው። የከበደ ነገር ሁሉ ግን የጠለቀ አይደለም፤ አንዳንዱ የከበደው የሚያቀልለው ሰው ስለ ጠፋ ነው። በእኛ ዘንድ «ይኸ ኮርስ ግማሻችሁን ይጥላል» ብሎ ማስፈራራት እንደ ክብር ይቈጠራል። እኛም የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ኀጢአት ነጻ አይደለንም፤ አዲስ ገቢ ሲጠይቀን «ገና ምን አይተህ» እንለዋለን። ሞዴሉን የሠሩት ሰዎች ግን ገጣሚው ሲሳሳት በገጣሚው አልፈረዱበትም፤ ተመልሰው የገዛ ሥራቸውን አረሙ።

ሌላም ነገር አለ። የጃፓን የፕላስቲክ ሞዴል ሥራ ዋና አገሩ ሺዙኦካ የተባለች ከተማ ናት፤ የባንዳይም የሞዴል ፋብሪካ በዚያ ይገኛል። ከተማዋ ከድሮ ጀምሮ በእንጨት ሠራተኞችዋ የታወቀች ነበረች። በዚያች ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ስመ ጥር የሞዴል ኩባንያ በ1946 ሲቋቋም ሥራው እንጨት መሰንጠቅ ነበር፤ ቀጥሎ የእንጨት ሞዴል ሠራ፤ ወደ ፕላስቲክ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። የእንጨት ሠሪው እጅ ሳይናቅ ቆይቶ የፋብሪካ እጅ ሆነ ማለት ነው። በእኛ አገርስ? ብረት የሚቀጠቅጠውን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያልን ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ሐሳቡ ግን ከውስጣችን የወጣ አይመስለኝም። ባይሆንማ የመሣሪያ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ሳለ ኢንጂነር ማስመረቅ ባላስቻለን ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቃለሁ። አንዳንዶች «የተሠራን መግጠም መሥራት አይደለም፤ አገራችን በመገጣጠም መች ጠገበች?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሮቦቱን በመግጠሜ ኢንጂነር አልሆንሁም፤ ሠሪዎቹ ያሰቡትን ተከትዬ ሄድሁ እንጂ። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ልጅ ደራሲ አልሆነም ብለን ፊደል አንከለክለውም። ጥፋቱ መግጠም ላይ መቅረት ነው። ገጥሞ ሲያበቃ «ይኸ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ያልጠየቀ ተማሪ በእርግጥ ተጫውቷል፤ የጠየቀው ግን ትምህርት ጀምሯል።

ሌሎች ደግሞ «የጦር መሣሪያ መጫወቻ ነው» ይሉኛል። የጋንዳም ታሪክ ራሱ ጦርነት ልጆችን ምን እንደሚያደርጋቸው የሚያሳይ ነው፤ ቢሆንም ነቀፋውን በሙሉ አልክደውም። እኛ በዚያች ማታ ጠመንጃውን በካርቶኑ ውስጥ ትተን ክንዱን ለሰላምታ አነሣነው። የሚጣለው የፕላስቲክ ክፈፍም ነገር አለ። በጃፓን ከ2021 ጀምሮ ኩባንያው ባዶውን ክፈፍ እየሰበሰበ መልሶ ለሥራ ያውለዋል፤ እኛ ግን የራሳችንን ዘዴ መፈለግ አለብን። ስለ ዋጋው የሚነሣው ጥያቄ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለተማሪ ኪስ ይከብዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይገዛ አልልም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ለአዲስ ገቢዎች ይሁን። ማኅበሩ ዐሥር ያህል ሞዴል ይግዛ፤ ቀስ ተብሎ ከተፈታ ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆናል። በአንዱ ሞዴል ሁለት አዲስ ገቢና አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ ይቀመጡ። የላይኛው ክፍል ተማሪ ሕጉ አንድ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይናገራል እንጂ አይነካም።

ሁለተኛ፣ ከሦስተኛ ዓመት ወዲያ ያለነው በካርቶንና በስስ ጣውላ የራሳችንን እንሥራ። የብረት ሞልድ ባይኖረንም መቀስና ምላጭ አለን። ሮቦት መሆን አያስፈልገውም፤ የውሃ ጎማ ወይም ወፍጮ ሊሆን ይችላል። ውድድሩም እንዲህ ይሁን፦ ሥራው ያለ ሙጫና ያለ ምስማር የሚገጠም፣ መመሪያው ቃል የሌለበት ሥዕል ብቻ ይሁን፤ ገጣሚው ደግሞ ከሌላ ፋኩልቲ የመጣ ተማሪ ይሁን። የሕግ ተማሪው መግጠም ካቃተው ነጥብ የሚቀነሰው ከሠሪው ነው። በዚህ ፈተና እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደምወድቅ ከወዲሁ ይታየኛል።

ሦስተኛ፣ የወርክሾፑን ቁልፍ እንጠይቅ። ባዶ ልመና ሳይሆን ኀላፊነት ይዘን እንጠይቅ፤ ከላይኛው ክፍል ተማሪዎች ተረኛ ይመደብ፣ የወጣው መሣሪያ ይመዝገብ፣ የተሰበረውን ማኅበሩ ይተካ። «ትሰብሩታላችሁ» ለሚለን ሰው መልሱ «አዎን፣ አንዳንዱን እንሰብር ይሆናል» የሚል ነው። ሳይነካ የሚያረጅ መሣሪያም ከተሰበረው የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው።

ሮቦቱ ዛሬ በመስኮታችን ደፍ ላይ ቆሟል። በግድ ልገፋው በሞከርሁበት በቀይ ጫማው ላይ ነጭ ሰንበር ቀርቶበታል፤ ፕላስቲክ ሲጨነቅ እንዲህ ይነጣል። ሰንበሩን በቀለም ሸፍነው ያሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር «ሥዕሉን እይ» ይለኛል። የግራውን ክንድ የገጠመው ልጅ እስከ ዛሬ ትምህርቱን አልለወጠም፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ምን እንደሚወስን ግን አልነገረንም። ቁም ሣጥኑም እስከ ዛሬ አልተከፈተም። የማኅበራችን መሪዎች ስብሰባ የፊታችን ዐርብ ነው፤ ይኸን ያነበበ ሁሉ መጥቶ ይቃወመኝ ወይም ይርዳኝ።