አክሲዮናችሁ የማን ሲም ላይ ነው?

ድሮ አክሲዮን የገዛ ሰው ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር። ቁልፉም ከእማወራዋ መቀነት አይወጣም። ዛሬ ሳጥኑ ስልክ ሆኗል። ቁልፉ ስድስት አሃዝ ነው፤ እሱንም ሱቅ በር ላይ ቆመን ጮክ ብለን እንናገረዋለን።

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ ሽያጩ የተካሄደው በቴሌብር ሱፐርአፕ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። የካቲት 7 ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ገዝተዋል። በመሃሉ፣ ጥር 2 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ። በአጭሩ፣ ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በስልኩ ባለአክሲዮን የሚሆንበት ዘመን ገባ።

ዘመኑ መምጣቱ ደግ ነው። ችግሩ አገባባችን ነው።

እዚህ ሐዋሳ፣ ፒያሳም ሆነ አቶቴ ወይም መናኸሪያ አካባቢ፣ አንድ የቴሌብር ወኪል ሱቅ ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት ቁሙ። እናት ስልካቸውን ለልጁ ያቀብላሉ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይነግሩታል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ልጁ ሌባ ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ጨዋ የጎረቤት ልጅ ነው። ነገር ግን አሥር ሰው የሰማው ቁጥር ሚስጥር አይባልም። እናትዬውንም አልፈርድባቸውም፤ የሚያነቡት መነጽር የላቸውም፣ አፑም ከፊታቸው ሲከፈት ለእሳቸው የተሠራ አይመስልም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሲም ካርዱ ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ቁጥር በራሳችን ስም አልወጣም። ከገጠር ወረዳ መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የተቀጠረች ልጅ መታወቂያ እስክታወጣ ድረስ በአክስቷ ስም ሲም ትይዛለች። ሌላው በቀድሞ ጓደኛው፣ ሌላው በሟች አባቱ ስም። ለመደወል ብቻ ሳለ ይህ ምንም አልነበረም። አሁን ግን በአዲስ ስልክ ወደ ሒሳባችሁ ለመግባት የሚጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ለዚያ ሲም ነው። ሲሙ ጠፋ ብሎ ምትክ ማውጣት የሚችለው ደግሞ በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ስለዚህ የሒሳባችሁ በር ቁልፍ በሕግ ዓይን የሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

አክሲዮኑ ራሱ በባለቤቱ ስም ስለሚመዘገብ ሌባ በአንድ ሌሊት ይዞት ላይሄድ ይችላል። ሒሳቡ ውስጥ ያለው ብር ግን በደቂቃ ያልቃል። ነገ በስልክ መግዛትና መሸጥ ሲለመድ ደግሞ አክሲዮኑም ይከተላል።

ይህ የእኛ የኋላ ቀርነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ተቋም የኤክስ አካውንት ተጠለፈና ስለ ቢትኮይን የሐሰት ማስታወቂያ ወጣበት፤ ገበያውም ተናወጠ። ተቋሙ በኋላ እንዳመነው ጠላፊው የተጠቀመው መንገድ ከአካውንቱ ጋር የተያያዘውን ስልክ ቁጥር ወደ ሌላ ሲም ማዛወር ነበር። የገበያው ዘበኛ ራሱ በሲም ከተሸነፈ፣ የእኛ እናቶች ምን ይበሉ?

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ተቋማቱ በየአጭር መልዕክቱ «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» ይሉናል። ትክክል ነው። ግን ይህች ዓረፍተ ነገር ኃላፊነቱን በሙሉ በደንበኛው ጫንቃ ላይ ጭና ትሄዳለች። የተጭበረበረ ሰው አቤት ሲል የሚያገኘው መልስ «ቁጥሩን ራስህ ሰጥተሃል» ነው፤ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ምን እንደሆነ አስታውሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲበላሽ በአንድ ሌሊት ወደ 801 ሚሊዮን ብር ወጣበት። ባንኩ እያንዳንዱን ብር ተከትሎ ሄደ፤ ያልመለሱትን በስም፣ በፎቶም ሳይቀር ለጠፈ፤ አብዛኛውንም ገንዘብ አስመለሰ። ጉዳዩ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አሳይቶናል፦ ሲፈለግ ገንዘብ ዱካ አለው። የባንክ ብር ሲጠፋ የሚገኘው ዱካ የአንዲት የፓርክ ሠራተኛ 9,900 ብር ሲጠፋ ለምን ይሰወራል?

ስለዚህ ከእኛም ከእነሱም የሚጠበቅ አለ።

ከእኛ፦ ሲሙን በራሳችሁ መታወቂያ ስም አዛውሩ፤ ለእናት ለአባታችሁም እንዲሁ አድርጉ። የሚስጥር ቁጥሩን የልደት ዓመት አታድርጉት። አፑን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም የሚላክ የኤፒኬ ፋይል፣ «አክሲዮንዎን ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ፣ «ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚል ደዋይ፣ ሦስቱም አንድ ሌባ ናቸው። ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ ማዕከሉ ሂዱ። ሲማችሁ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት አሳግዱት።

ከእነሱ፦ ምትክ ሲም ከወጣ በኋላ ከሒሳቡ ትልቅ ገንዘብ ለጥቂት ቀናት እንዳይወጣ ይታገድ። ቀንም ሌሊትም ሒሳብ የሚያግድ፣ ሲዳምኛም የሚመልስ መስመር ይኑር። ወኪሎች የደንበኛን ሚስጥር ቁጥር እንዳይነኩ ይከልከሉ፤ የነካ ይቀጣ። ለተጭበረበረ ሰው ደግሞ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብ ይቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ባለሀብቱን መጠበቅ አንዱ ዓላማው ነው። የ33 አክሲዮን ባለቤትም ባለሀብት ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ሰው ከመዘረፉ በፊት ይሁን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ለዛሬ ግን ትንሿን ሥራ ሥሩ፦ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሲም በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። በእናንተ ስም ካልሆነ ነገ ጠዋት ቀጠሮ አላችሁ።